ሰባት ቁጥር ድንጋይ

ጥቅምት 6 ቀን 2017

ዝናቡ ያባራ ይመስላል። ጠዋት የጭላሎ ተራራ ጥርት ብሎ ታይቶ ነበር፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ጉም ዋጠው። እማዬ ብርድ ልብሶቹን ሁሉ አጥር ላይ አሰጣች። "ዛሬም ድንጋይሽ ጋ ነሽ?" አለችኝ። ድንጋይሽ... ልክ ባሌን የምትጠራ ይመስል።

ሁለተኛ ዓመቶቹን አስተማርኩ። ከሃያ ሺህ ዓመት በፊት ባዳ ተራራ አናት ላይ የበረዶ ግግር ነበር፣ ውፍረቱ ከዚህ ፎቅ ይበልጣል ስል እንደተለመደው ሳቁ። "ቲቸር፣ እዚህ አርሲ?" አዎ፣ እዚህ አርሲ። በረዶው ሸለቆውን ቦርቡሮ፣ ቤት የሚያክል ድንጋይ እየገፋ ወርዶ፣ ከዚያ ቀልጦ ጥሎት ሄደ። ይህን ስናገር ስንት ዓመቴ... አሁንም ደስ ይለኛል።

ከሰዓት ከመጽሔቱ መልስ መጣ። ጽሑፋችንን ወደውታል! በረዶው በለቀቀው ሸለቆ ላይ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ባለፉት አስራ አምስት ዓመታት ሽቅብ እየወጣና እየበዛ መሄዱን ነው የጻፍነው። ምክንያቱ ሙቀት ነው ብለናል። አንዱ ገምጋሚ ብቻ አንድ ጥያቄ አለው። በሸለቆው የሰው እንቅስቃሴ አለመኖሩን በመስክ አረጋግጡ ይላል። እስከ ኅዳር 15።

ኢርሻድ ደወለ። የሳተላይቱን ምስል የሚያነበው እሱ ነው፤ ጽሑፉም የሁለታችን ነው። "አንድ ቀን ወጥተሽ ፎቶ አንሺ። አለቀ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ብዬ ልጠራሽ ነው።" ሳቅን። ቅዳሜ እወጣለሁ።

ጥቅምት 9

ባዳ ወጣን፣ እኔና ቦንሳ። በ2001 ለዶክትሬቴ ድንጋይ ስቆርጥ መንገድ ያሳየኝ እሱ ነበር። ዛሬ የአራት ልጆች አባት፣ የሁለት ፈረስ ጌታ። ገና ሳየው "ወፍረሻል" አለኝ። አመሰግናለሁ ቦንሳ።

አስታው! ያኔ ጉልበቴ ጋ የነበረው ዛሬ ከጭንቅላቴ በላይ ነው። እጄን ዘርግቼ አልደርስበትም። እንደ ልጅ ጮህኩ። ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ ጭስ የለም። ስልሳ ሰባት ፎቶ አነሳሁ። ገምጋሚው ይኸው ብዬ...

ድንጋዮቼንም አገኘኋቸው። አስራ አንድ ናቸው። ድንጋይ ከበረዶው ስር ወጥቶ ሰማይ ካየ ስንት ዘመን እንደሆነው ማወቅ ይቻላል፤ ለዚህ ከአናቱ ሁለት ጣት የሚያህል ይቆረጥና ላብራቶሪ ይላካል። በጉም እንዳይጠፉብኝ እያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፌ ነበር። ቀለሙ አሁን ሽበት በመሰለ ነገር ተሸፍኗል፤ ግን ይነበባል። ሰባት ቁጥር ትልቁ ነው፣ ጎጆ ያክላል። ለእሱ ያገኘሁት ዕድሜ አስራ አምስት ሺህ ዓመት ነው።

ከሰባት ቁጥር ጎን ሳማ በቅሏል። ክብ ሆኖ፣ ጥቅጥቅ ብሎ። ሳማ እንዲህ የሚወፍረው ከብት ያደረበት ቦታ ነው። በመዶሻዬ ገፋ ሳደርገው ሦስት ጉልቻ። ጥላሸታቸው እንኳ አልለቀቀም።

"ቦንሳ፣ እዚህ ቤት ነበር እንዴ?"

"ረሳሽው? የኦቦ ሀሰኖ ቤት። ወተት በጮጮ ያጠጡሽ።"

አስታወስኩ። ረጅም ሰውዬ። ሚስታቸው ሳትናገር የምትስቅ። ፈረሳቸውን እዚሁ ድንጋይ ጥግ ነበር የሚያስሩት።

"የት ሄዱ?"

"ቆላ። አቦምሳ።"

"ለምን?"

ቦንሳ የፈረሱን ገመድ ማጥበቅ ጀመረ። ገመዱ ጠብቋል።

"አንቺ ቀለም ቀባሽ አይደል" አለ ቀስ ብሎ። "መንግሥት ሊወስደው ነው ተባለ። እሳቸው ደግሞ ሰው ፊት እስኪያባርሯቸው የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። በዓመቱ ከብታቸውን ነድተው ወረዱ።"

"አንተ ለጥናት መሆኑን ታውቅ አልነበር?"

"መንግሥትስ ሲመጣ ጥናት ነው አይደል የሚለው?"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

ጨልሞ አሰላ ገባሁ።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ቸርች አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል አልኳት እማዬን። የድሮ ደብተሮቼን አወረድኩ።

አገኘሁት። የካቲት 19 ቀን 2001። "ድንጋይ 7። ቁመት 2.8 ሜትር። አናቱ ያልተፈረፈረ፣ ያልተንቀሳቀሰ። ባለቤቱ ስለ ቀለሙ ጠየቀ። ለጥናት ነው አልኩት። ወተት ሰጡን። ጉም።"

ሦስት ቃል። ለጥናት ነው አልኩት። ከጉሙ እኩል ጽፌው አልፌያለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ገለጥኩ። ስለ ጥናቱ ቦታ የሚለው ገጽ... "ሸለቆው ቋሚ ነዋሪ የለውም።" ወተታቸውን ጠጥቼ! እንዴት ብዬ ጻፍኩት? ማንን ደስ ለማሰኘት? ለድንጋይ ጥናት ሰው የሌለበት ቦታ ነው የሚመረጠው፤ ስለዚህ ሰው አልነበረም። እንዲህ ነው እንግዲህ።

ጥቅምት 12

ኢርሻድ ቢሮ ሄጄ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ይሰማል።

"አንድ አባወራ ነው ጽጌ። ተራራ ሙሉ አስታ አንድ አባወራ አያበቅልም።"

"አያበቅልም። ግን ያቃጥላል። ለከብት ሣር እንዲያወጣ በየበጋው አስታውን የሚለኩሱት እሳቸው ነበሩ። ቦንሳን ጠይቄዋለሁ። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ እሳት አልነካውም።"

ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። ያ የምንወደው የአስታው ዕድገት መስመር። ለዓመታት ተኝቶ ተኝቶ ከ2002 ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ያየነው ዕለት እጅ ለእጅ ተማታን። ኦቦ ሀሰኖ የወረዱት መቼ ነው? 2002 ጥር።

ኢርሻድ መስመሩን በጣቱ ተከተለው። "ሙቀቱም እኮ አለ" አለኝ። አለ። ግን ስንት እጁ ሙቀት ነው፣ ስንት እጁ ደግሞ የእኔ ቀለም? ማናችንም አናውቅም። ሁለት ዓመት የደከመበት ሥራ ነው... ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

"እስከ አስራ አምስት ድረስ አስቢበት" አለኝ።

ጥቅምት 16

ማሰብ የጠላሁትን ነገር ዛሬ አሰብኩት።

2000 ዓ.ም. የእኛ አጥር ላይም ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዕድሜውን ሙሉ አስተማሪ የነበረ ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው በአንድ ቅዳሜ አጥሩን ነቅሎ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ አስገባው። የኮኩን ዛፍ በገዛ እጁ ቆረጠ። መንገዱ በእኛ በኩል እስከ ዛሬ አልሰፋም። ያቺ ሁለት ሜትር ባዶዋን ሣር አብቅላ አለች። እማዬ ብርድ ልብስ ያሰጣችው እዚያው ፊት ለፊት ነው።

በዓመቱ እኔ ሄጄ የሰው ደጅ ድንጋይ በቀይ ቀባሁ።

ሰማያዊም ነበረ እኮ ሱቁ ውስጥ። ቀዩን ያነሳሁት በጉም ስለሚታይ ነው። ከውጭ የመጣ ተመራማሪ ቢያደርገው አያውቅም እላለሁ። እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ። ቀይ ምን እንደሚል እያወቅኩ...

"አባዬ ያኔ ለምን አልጠበቀም?" አልኳት እማዬን።

"ምን ይጠብቃል? ቀዩን አይቶ!" አለች፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ።

ጥቅምት 23

አቦምሳ ደርሼ መጣሁ። በሁሩታ፣ በአርቦዬ አድርጌ። መኪናው ቁልቁል በወረደ ቁጥር አንድ ልብስ አወልቅ ነበር። ሲነጋ አሰላ ላይ በጃኬት ነበርኩ።

ቤቱን ማግኘት አልከበደኝም። ከከተማው ወረድ ብሎ ነው። "ደገኛው ሀሰኖ" ብዬ ስጠይቅ ወዲያው አሳዩኝ። አስራ አምስት ዓመት ኖረውም ደገኛው ናቸው።

ኒም ዛፍ ስር ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። ያ ቁመት ጎብጧል። ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝና "የድንጋይዋ ልጅ!" አሉ። ደስ አላቸው! እኔን በማየት! ልጃቸው ነቢላ ወንበር አወጣች። ሲወርዱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሱቅ አላት። በኦሮምኛ ነው ያወራነው፣ እዚህ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

"ቦንሳ እንዴት ነው? ገብሱስ ዘንድሮ?"

ሁሉንም በየስሙ ጠየቁ። ፈረስ ትዝ ይላቸዋል። እዚህ አህያና ግመል ነው እንጂ ፈረስ የት አለ።

"ባለቤትዎስ?" አልኩ። መጠየቅ ስለሚገባ።

እሳቸው ገመዱን ያዙ። የመለሰችልኝ ነቢላ ናት። እናቷ ሙቢና ወደዚህ በመጡ በሁለተኛው ዓመት አርፋለች። ወባ። "ደገኛ ነበረች፣ ቆላን አልቻለችውም" አለች፣ የቆየ ነገር እንደሚነገረው አድርጋ።

ለመናገር ነበር የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ተለማምጄው ነበር።

ደግሞ የባሰው... ኦቦ ሀሰኖ ጎንበስ ብለው "በአንቺ አልተቀየምኩም" አሉኝ። "አንቺ የታዘዝሽውን ነው የሠራሽው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መንግሥት ቀቢ ካለሽ ምን ታደርጊ?" ከዚያ ቆይተው፣ "አሁን ምን ሠሩበት?"

"ገና ነው" አልኳቸው።

ገና ነው! ምኑ ነው ገና? ለመናዘዝ ሄጄ ዋሽቼ ተመለስኩ። ነቢላ ሎሚ በፌስታል አስይዛኛለች። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ሎሚ ሎሚ ይላል።

ጥቅምት 25

ሎሚውን እማዬ ጨመቀችው። አልጠጣሁም።

ኅዳር 1፣ እሁድ

ሳምንቱን እንዴት እንዳስተማርኩ እንጃ። አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ድንጋዩ ከዚያ ወዲህ አለመነካቱን በምን ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቦታውን እናጠናለን፣ ዙሪያውን እናያለን ብዬ መለስኩ። ዙሪያውን እናያለን... አፌ እንዴት ይቀለዋል!

ለራሴ ስንት ሰበብ ሰጠሁ። በሽማግሌ ልብ ላይ አዲስ ቁስል ምን ይጠቅማል? አሁን መንግሥት ነው ብለው ተቀብለውታል። እውነቱ ይህ ነው፤ ለእሳቸው አይደለም የምፈራው። እኔን አይቶ ደስ ያለው ፊታቸው እንዲጠፋብኝ አልፈልግም። ባለፈው ኒሙ ስር ያየሁትን ያን ፊት።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ዛሬ ጽፌዋለሁ፣ መካድ የለም።

ኅዳር 7

ተናገርኩ።

ነቢላም እንድትሰማ ጠራኋት። ቁጭ እንዳልን ነው የተናገርኩት፣ ውሃ እንኳ ሳልጠጣ። ከጠጣሁ እንደማልናገር አውቄ።

"ኦቦ ሀሰኖ፣ መንግሥት የላከኝ አልነበርኩም። መሬቱን ማንም አልፈለገውም። ቀለሙ የእኔ ነው። ድንጋዩን በጉም መልሼ እንዳገኘው ብዬ ነው የቀባሁት።"

ገመዱ ቆመ።

"መንግሥት አልመጣም?"

"አልመጣም።"

"ባለሀብትም?"

"ማንም አልመጣም። ባዶውን ነው ያለው። አስታ በቅሎበታል።"

"ገና ነው አልሽኝ እኮ ባለፈው።"

"ዋሸሁዎት።"

ዶሮ ነበረች እግራችን ስር። ዶሮዋን አየኋት። ሌላ የማየው አጣሁ። ነቢላ ተነስታ ወደ ጓሮ ገባች፤ ዕቃ ስትወረውር ይሰማል።

ኦቦ ሀሰኖ ገመዱን ከጉልበታቸው አውርደው ተናገሩ። "የቦንሳ አባት ቁጥሩን አነበበልኝ። ሰባት ነው አለኝ። ሰባተኛ የምነሳው እኔ ነኝ ማለት ነው አልኩ። ስድስቱ እነማን እንደሆኑ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቅኩ። ማንም አላወቀም። ስድስቱ ሲነሱ እያየሁ ተራዬን ከምጠብቅ ብዬ ወጣሁ። ሙቢና እንጠብቅ ብላ ነበር።"

እንጠብቅ ብላ ነበር።

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። የእሳቸውን ለቅሶ የወሰድኩባቸው መሰለኝና ይበልጥ አፈርኩ።

ስነሳ "ፈረስ አለው ያልሽኝ ቦንሳ ነው?" አሉኝ። "ውሰጂኝ። አይቼው ልምጣ።"

ኅዳር 10

ለነቢላ ደወልኩ። አታነሳም። ሦስቴ። ከሰዓት በኋላ ራሷ ደውላ "ብርድ ልብስ ይዘሻል ወይ? አባቴ ብርድ ረስቷል" ብላ ዘጋችው።

ኅዳር 14

ትናንት አምጥቼ እኛ ቤት አሳደርኳቸው። ለእማዬ ማን እንደሆኑ ነግሬያታለሁ፣ ሁሉንም። የአባዬን ጋቢ አወጣችላቸው።

ጠዋት ቦንሳ ሁለቱንም ፈረስ ይዞ ጠበቀን። ኦቦ ሀሰኖ የተጫነላቸውን ፈረስ አንገት ዳበሱ፣ ከዚያ የጎበጠው ሰውዬ ማንም ሳይደግፋቸው ወጡ! ፈረስ ላይ ሲሆኑ ጉብጠታቸው የለም። ቦንሳ ፊቱን አዞረ።

አስታው ውስጥ ስንገባ ዙሪያቸውን አዩ። "አረጀ" አሉ። "እሳት ያልነካው አስታ ሣር አያወጣም።" እኔ ስልሳ ሰባት ፎቶ ያነሳሁለት ለምለም ለእሳቸው ጠፍ መሬት ነው።

ሰባት ቁጥር ጋ ወረዱ። ሳማውን በዱላቸው ከፍለው ጉልቻዎቹ ጋ ቆሙ። እኔ ቀለሙን ላስለቅቅ አኳራጅና ጨርቅ ይዤ ሄጄ ነበር። ሲያዩኝ እጃቸውን አነሱ።

"ሰባት ምን ማለት ነበር?"

"ሰባተኛ የቆረጥኩት ድንጋይ።"

"በቃ?"

"በቃ።"

ጣታቸውን በቁጥሩ ላይ አሄዱት። ከላይ ወደ ታች። ደገሙት። ከዚያ አናቱ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ እኔ የቆረጥኩበትን፣ አዩና፣

"ከዚህ የተቆረጠውስ የት ሄደ?"

"ባሕር ማዶ። ላብራቶሪ።"

"ለሙቢናም ቁረጪላት።"

መሮና መዶሻዬን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ምት ሳትኩ። ድንጋዩ ጠንካራ ነው፣ ያኔም አስቸግሮኝ ነበር። መዳፍ የሚያህል ወጣልኝ። በጋቢው ጫፍ ጠቀለሉት።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በስርዓቱ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ አይደለም ግን በሚገባ። "አፉ ይበሉኝ ኦቦ ሀሰኖ።"

ፈረሱን አቆሙ። "የእኔን አፉ ብዬሻለሁ" አሉ። "የሙቢናን ግን የምሰጥሽ የለኝም። እሱ የራሷ ነው።"

ቀለሙን አላስለቀቅኩም። አኳራጁን እንደያዝኩ ወረድኩ።

ኅዳር 15

ለመጽሔቱ ጻፍኩ። ጽሑፋችንን እናነሳለን፤ በሸለቆው ሰው ነበረ፤ እስከ 2002 አስታውን በየዓመቱ ያቃጥል የነበረ ቤተሰብ አለ፤ እነሱም የለቀቁት በእኔ የመስክ ሥራ ምክንያት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ አጥፍቼ አራት ጊዜ መለስኳት።

ኢርሻድ ከመላኬ በፊት አነበበው። "እኔ አልልከውም ነበር" አለኝ። "ግን ስሜን አብረሽ አድርጊበት።"

የዶክትሬት ጽሑፌስ? ያቺ "ቋሚ ነዋሪ የለውም" የምትለዋ መስመር መደርደሪያ ላይ ናት፣ ታትማ፣ ተጠርዛ። ለዚያም ማረሚያ ጽፌ አስገባለሁ። ማን ያነበዋል? አላውቅም።

ኅዳር 28

የማዕረግ ዕድገቱ ቀረ። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው። የጠበቅኩትን ያህል አልከፋኝም። አይ፣ ከፍቶኛል። ለምን እዚህ እዋሻለሁ?

ታኅሣሥ 5

አቦምሳ ነበርኩ። ኦቦ ሀሰኖ ትንሽ አሟቸዋል፣ የደጋው ብርድ ነው ትላለች ነቢላ። ወደ ላይ ተመልሰው እንዲኖሩ ጠይቄያቸው ነበር። "ሙቢናን ለማን ትቼ?" አሉ።

ነቢላ እስከ መቃብሩ አጥር ወሰደችኝ፤ ከበሩ ላይ ሆና በጣቷ አሳየችኝ። ዙሪያው ሁሉ የቆላ ድንጋይ ነው፣ ከወንዝ የመጣ፣ ክብ፣ ቀላ ያለ። አንዱ ብቻ ግራጫ ነው። በአንድ በኩል ትኩስ ስብራት አለው። ብዙ አየሁት። ነቢላ አላጣደፈችኝም። ስንመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ።

ማታ ሳይሆን አሁን፣ እንደገባሁ፣ የ2001ን ደብተር አወጣሁ። የካቲት 19 ገጽ ላይ፣ "ጉም" ከሚለው ቃል ስር ሦስት መስመር ቦታ ተርፏል። በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ሞላሁት፦

"ድንጋይ 7፣ ሁለተኛ ቁራጭ። የተቆረጠው ኅዳር 14 ቀን 2017፣ በባለቤቱ ጥያቄ። ቦታው፣ የሀሰኖና የሙቢና ደጅ። የተላከው ወደ አቦምሳ፣ ለሙቢና።"